እንቁራሪቶች ዝም ያሉበት ማለዳ

ያን ኮረብታ «ጉማሬ» ያልነው እኛ ነን። ካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከፊት ለፊት ሆነን ስናየው ግን ውሃ ውስጥ ተኝቶ ጀርባውን ብቻ ያወጣ ጉማሬ ይመስል ነበር። ወደዚያ እንድንጠጋ ትዕዛዝ የደረሰን ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ፣ ደረቁን የስንቅ ብስኩት፣ ኮቾሯችንን፣ በሻይ እያራስን ስንበላ ነው። የጋንታችን መሪ መቶ አለቃ ዘሪሁን መጥቶ አጠገባችን ቆመና፣

«ዕቃችሁን ሸክፉ። ጀምበር ሳትጠልቅ እንንቀሳቀሳለን» አለ።

ወዴት ብሎ የጠየቀው የለም። እሱም ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር።

ዛሬ የምኖረው ዲላ ነው። የሰፈሬ ወጣቶች፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት የእህቴ ልጆች፣ ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ስለ ጀግንነት እንዳወራላቸው ይጠብቃሉ። እኔ የማወራላቸው ስለ ፍርሃት ነው። ስለ ጥይት ፍርሃት አይደለም፤ እሱን ማንም ይገምተዋል። የማወራው ሰው ሲሰማው ስለሚስቅበት ዓይነት ፍርሃት ነው። ጉማሬን የያዝነው በዚያ ፍርሃት ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

እኔ እንቁራሪት እፈራለሁ።

ተወልጄ ያደግኩት ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ጨለለቅቱ ነው። አገራችን ውሃ ነው። እንሰቱ ሥር ውሃ፣ ቡናው ሥር ውሃ፣ መንገዱ ዳር ውሃ። አክስቴ ደግሞ አሪቻ በምትባል መንደር፣ ከቡና ማጠቢያው ዝቅ ብላ ነበር የምትኖረው። በቡና ወቅት እሷ ዘንድ ስንሄድ ሌሎቹ ልጆች በማጠቢያው ቦይ ዳር ሲራገጡ እኔ ከቤት አልወጣም። ለምን እንደምፈራ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንቁራሪት ማንን ይነክሳል? ማንን ይወጋል? ግን ያ እርጥብ ቆዳው፣ ያ ድንገት መዝለሉ፣ ከዘለለ በኋላ ደግሞ ተቀምጦ ዝም ብሎ ማየቱ፣ እጅና እግሬን ያስረዋል። ትንፋሼ ይቆማል። ጓጉንቸር ከሆነማ አይነሣ። እናቴ «ሲያድግ ይተወዋል» ትል ነበር። አደግኩ፤ አልተወኝም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ የምሻገራት ትንሽ ወንዝ ነበረች። ብቻዬን አልሻገራትም። ዳር ቆሜ አዳምጣለሁ። ከጮሁ አሉ ማለት ነው። ሌላ መንገደኛ እስኪመጣ እጠብቃለሁ። ሰው ሲጠጋ መጀመሪያ ቅርብ ያሉት ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎ ራቅ ያሉት፣ ከዚያ ጧ ጧ እያሉ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ያኔ ከሰውየው ኋላ ኋላ ሮጬ እሻገራለሁ። የምፈራውን ነገር እንዲህ በጆሮዬ እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት።

ውትድርና የገባሁት በብዙ ምክንያት ነው፤ አንዷን ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለምልመላ የመጣው ሰው ስለ ሰሜኑ ግንባር ሲናገር፣ «ድንጋይና እሾህ ነው፤ የሚጠጣ ውሃ እንኳ በቦቴ ነው የሚመጣው» አለ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። እኔ ደስ አለኝ።

እውነትም ለብዙ ወራት ሰላም ነበርኩ። የብሬን መትረየስ ተኳሽ ሆንኩ። ረዳቴ፣ ጥይቱን የሚሸከምልኝና ሰንሰለቱን የሚያጎርስልኝ፣ ደስታ የሚባል የዲላ ልጅ ነበር። መናኸሪያው አካባቢ ያደገ፣ ዝምተኛ፣ ክንደ ብርቱ። የአገሬ ልጅ ስለሆነ ከወንድም በላይ ሆንን። ደስታም የራሱ ነበረው። የተዘጋ ቦታ ውስጥ መግባት አይችልም። ምሽግ ውስጥ ተኝቶ አያውቅም። ሁላችንም ጣሪያ ሥር ገብተን ስንተኛ እሱ ላስቲኩን ተከናንቦ ከደጁ ባለው የምሽጉ ቦይ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ያድራል። ከባድ መሣሪያ ሲወርድብን እንኳ ደጃፉ ላይ ግማሽ አካሉን ውጭ አድርጎ ነበር የሚቀመጠው።

«ጣሪያው ይጫነኛል» ይለኝ ነበር። «አየሩ የሚያልቅ ይመስለኛል።»

ይህን ሁሉ ለቀልድ የሚያውለው አስር አለቃ መስፍን ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። አፉ አያርፍም። ደስታን፣ «አንተ ስትሞት ለመቃብርህ መስኮት ሊወጣለት ነው» ይለዋል። መቀለድ የሚጀምረው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሲመሽ ይብስበታል። አጠገቡ የተኛ ሰው እንቅልፍ እስኪጥለው ድረስ ያወራል፤ አንዱ ሲተኛበት ወደ ሌላው ይዞራል። «ለአፍህ ተረኛ ጥበቃ ይመደብለት» እንለው ነበር።

ጉማሬ ፊት ለፊት ካለው ዝቅተኛ ሸንተረር ላይ ደርሰን ምሽግ ያዝን። በእኛና ጠላት በያዘው ኮረብታ መካከል ሰፊ ደረቅ ወንዝ ነበር፤ አሸዋና ክብ ክብ ድንጋይ። አየሁትና ወደድኩት። ከዚያ ክረምቱ ገባ።

ዝናቡ ሲጥል ሰነበተ። አሸዋው ጠጥቶ ጠጥቶ ሲጠግብ ውሃው ተኛ። ወንዙ ኩሬ በኩሬ ሆነ። አንድ ምሽት፣ ዝናቡ አባርቶ ምድሩ ጸጥ ሲል፣ ከታች አንድ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ መለሰለት። ከዚያ ሸለቆው በሙሉ አንድ ላይ ጮኸ። ያ ሁሉ ጊዜ አሸዋው ውስጥ ተቀብረው ሲጠብቁ ነበር ማለት ነው። ብሬኑን አቅፌ ቁጭ አልኩ። ደስታ ፊቴን አይቶ ደነገጠ።

«አመመህ?» አለኝ።

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምን ሆነሃል?»

ነገርኩት። ለአንድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታ አልሳቀም። «እዚህ ድረስ አይመጡም፤ ዳገት ነው» አለኝ።

መጡ። በማግስቱ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ስሄድ አንዱ ከግድግዳው ዘሎ ደረቴ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አላስታውስም። የነገሩኝ ደስታና መስፍን ናቸው። ከቦዩ ወጥቼ አፋፉ ላይ፣ ኮረብታው ሙሉ በሙሉ በሚያየኝ ቦታ ላይ ቆሜ ልብሴን ሳራግፍ ነበር አሉ። ከወዲያ ተኮሱ። ጥይቱ እግሬ ሥር አፈሩን ሲቆፍረው እኔ አልሰማሁም። ደስታ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ ጎትቶ ጣለኝ።

መስፍን ምክንያቱን ሲያውቅ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ምሽት ላይ ደግሞ ዜማ አወጣለት። «ጋንታው ብሬን ይዟል፣ ብሬኑን እንቁራሪት ይዞታል!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

መቶ አለቃ ዘሪሁን አስጠራኝ። ሊቀጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ምን ሆነህ ነው የወጣኸው?» አለኝ።

«እንቁራሪት ነው፣ መቶ አለቃ።»

ፊቱ አልተለወጠም። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ።»

«አሁን የት እንዳሉ ታውቃለህ?»

እንግዳ ጥያቄ ነበር፤ ግን አውቅ ነበር። የትኛው ኩሬ ውስጥ እንደሚበዙ፣ በየትኛው ዳር ዝም እንደሚሉ፣ ጅብ ውሃ ሊጠጣ ሲመጣ የት ላይ እንደሚያቆሙና ሲሄድ የት ላይ እንደሚጀምሩ ነገርኩት። ከመጡ ጀምሮ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም፤ ስሰማቸው ነበር የማድረው። መቶ አለቃው አዳምጦኝ ሲጨርስ፣

«ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ማዳመጥ የአንተ ሥራ ነው» አለ። «ወደ ታች አትወርድም። ከብሬንህ አትነሣም። ድምፃቸው ያልለመድከው ዓይነት ከሆነብህ ላክብኝ።»

መስፍን ይህን ሲሰማ፣ «ጋንታችን አዲስ ሬዲዮ ደረሰው» አለ።

እንዲህ ሆነን ቀናት አለፉ። ደስታ አብሮኝ ይነቃል። እኔ ፊት ስማቸውን አይጠራም፤ «እነሱ» ነበር የሚላቸው። «እነሱ ዛሬ እንዴት ናቸው?» ይለኛል። «ይጮሃሉ» እለዋለሁ። «እሰይ» ይላል።

ያን ቀን ማለዳ ጭጋግ ወርዶ ነበር። ሰማዩ ገና አልቀላም። ድምፃቸው ሸለቆውን ሞልቶታል። ከዚያ በጉማሬ ግርጌ ካሉት ኩሬዎች አንዱ ዝም አለ።

ጅብ ነው ብዬ አሰብኩ። እንስሳ ሲሆን ግን ዝም የሚያሰኘው ያለፈበትን ብቻ ነው፤ አልፎ ሲሄድ ከኋላው ይጀምራሉ። እነዚህ አልጀመሩም። ዝምታው ወደ ግራ ሄደ። ወደ ቀኝም ሄደ። ከዳር እስከ ዳር ተዘረጋ። ከዚያ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ።

«ደስታ፣ ዝም አሉ።»

«እነሱ?»

«እነሱ። ጥራው።»

ደስታ በቦዩ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሮጠ። መቶ አለቃው ያለ ጫማ መጣ። አጠገቤ ተኝቶ ትንፋሹን ያዘ።

«ምንም አይሰማኝም» አለ።

«እሱ ነው እኮ፣ መቶ አለቃ። ምንም የለም።»

ለአፍታ አየኝ። ከዚያ ተነሣ። ጋንታው በሹክሹክታ ተቀሰቀሰ። ሰው በጨለማ እየዳበሰ ቦታ ቦታውን ያዘ። መስፍን ከጎኔ መጥቶ ተኛ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉ ተዘግቶ ነበር። አንድ ኩሬ ብቻ ቀርታ ነበር የምትጮኸው፣ ከእኛ ሥር ያለችው። እሷም ዝም አለች።

ጠበቅን። ሰማዩ ግራጫ ሆነ። ጭጋጉ ሳሳ። አየናቸው። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ደርሶ፣ መሣሪያቸውን ከፍ አድርገው፣ ጎን ለጎን ተሰልፈው ይመጡ ነበር። ብዙ ነበሩ። ተኝተን ቢሆን ኖሮ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

«ተኩስ!» አለ መቶ አለቃው።

ቃታ ሳብኩ። ደስታ ሰንሰለቱን ያጎርሰኛል። የመጀመሪያው ረድፍ ወደቀ። ሁለተኛው ውሃው ውስጥ ተኛ፤ ውሃ ግን ከጥይት አይከልልም። ጩኸት ሆነ። እኛን ተኝተን ሊያገኙን ነበር የመጡት፤ ነቅተን ስንጠብቃቸው ግራ ተጋቡ። ፀሐይ ብቅ ስትል ወደ ኋላ መመለስ ጀመሩ።

መቶ አለቃው ቦዩ ላይ ወጥቶ ቆመ። «አሁን ነው!» አለ። «እግር በእግር እንከተላቸው! የራሳቸው ሰዎች ከፊታችን እያሉ ከላይ አይተኩሱብንም!»

ወጣን። ዳገቱን ተንደርድረን ወረድን። ሌሎቹ ውሃው ውስጥ ገቡ። እኔ ዳር ላይ ቆምኩ።

ላስረዳው ብሞክር የሚገባው ሰው ጥቂት ነው። ከኋላዬ ጥይት፣ ከፊቴ ጥይት፣ ከላይ ኮረብታው። እኔ የማየው ግን ያን ቡናማ ውሃ ብቻ ነበር። ከሥሩ ምን እንዳለ አውቃለሁ። እግሬ እንቢ አለ። ብሬኑ እጄ ላይ ነው፤ ጓዶቼ ያለ ብሬን ወደ ኮረብታ እየሄዱ ነው። እንቢ አለ።

ደስታ ገብቶ ነበር። ዞሮ አየኝ። የሚመለስ መስሎኝ ነበር፤ አልተመለሰም። የጥይቱን ሣጥን በአንድ ትከሻው አድርጎ፣ በነፃ እጁ ውሃውን በመዳፉ ይመታው ጀመር። ጧ! ጧ! ጧ! ልብስ አጣቢ ይመስል። ጥይት ዙሪያውን ውሃውን ይረጨዋል፣ እሱ ደግሞ በመዳፉ ይረጫል።

«እያባረርኩልህ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሄደዋል! ከኋላዬ ና! መንገዱ ባዶ ነው!»

ገባሁ። ዓይኔን ከጀርባው ላይ ሳልነቅል ገባሁ። ውሃው ጭኔ ድረስ ደረሰ። አንድ ነገር ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። እሱ ውሃውን እየመታ፣ እኔ እየጮህኩ፣ ወዲያ ማዶ ወጣን። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። ደስታ በኋላ «እናትህን ነበር የምትጠራው» አለኝ።

ወደ ላይ ወጣን። ደረት ለደረት ነበር። በመጀመሪያው ቦይ ላይ ሁለት ጓዶች ወደቁ። ብሬኑን ቋጥኝ ላይ አስደግፌ አፋፉን ጠረግኩት። ረፋዱ ላይ የጉማሬ ጀርባ ላይ ነበርን፤ ግን ገና አልያዝነውም። ሻምበል ጦራችን በሙሉ ከኋላችን ወንዙን መሻገር ሲጀምር ሞርታር ይወርድበት ጀመር። የሚወርደው በዘፈቀደ አልነበረም። በትክክል ውሃው ላይ፣ ሰዉ መሐል ነበር የሚያርፈው። አንድ ሰው እያየ ያርመዋል ማለት ነው።

«እዚያ ነው!» አለ መቶ አለቃው። ከቋጥኙ ሥር ዝቅ ያለ የምሽግ አፍ ነበር፤ በደረት ተስቦ ብቻ የሚገባበት። ከውስጡ የሬዲዮ ሽቦ ወጥቶ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ቦምብ ወረወርንበት። ዋሻው ጠማማ ነበርና ፍንዳታው ደጁ ላይ ቀረ። ሞርታሩ አላቆመም። ከታች የሰው ጩኸት ይሰማናል።

እኔ ብሬን ላይ ነኝ፤ ከኮረብታው ማዶ መልሰው የሚመጡብንን በተኩስ ይዤ ነበርና መነሣት አልችልም። ለአፉ የቀረበው ደስታ ነበር። በጉልበቱ ተንበርክኮ ራሱን አስገባ። ትከሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። ወጣ። እንደገና ሞከረ። ላብ በፊቱ ላይ ይወርዳል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። አየኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ወንዙ ዳር ቆሜ ሳለሁ የእኔም ዓይን እንዲሁ ነበር።

መስፍን ከየት እንደመጣ አላየሁም። ደስታን በትከሻው ገፋ አደረገው።

«አንተ በር ጠብቅ» አለው። «ባለቤቱ ከውጭ ከመጣ ንገረኝ።»

ክላሹን ወደፊት አድርጎ ተሳበ። ቦቲ ጫማው ጠፋ። ከዚያ ከውስጥ ድምፁን ሰማን። ያወራ ነበር። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጮክ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ያወራ ነበር።

«እጅ ወደ ላይ! አሥር ሆነን ነው የመጣነው! ከበደ፣ በግራ ና! አንተ ወደኋላ ቅር፣ ቦታ የለም!»

ከበደ የሚባል ሰው ጋንታችን ውስጥ አልነበረም። ተኩስ ተሰማ። ሌላ ተኩስ። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ደስታ ወደ አፉ ተጠግቶ «መስፍን! መስፍን!» ይላል።

ሞርታሩ ቆመ።

መጀመሪያ የወጡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እጃቸውን ከራሳቸው በላይ አድርገው። አንደኛው የሬዲዮው ማዳመጫ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አሥር ሰው ሲፈልጉ ዙሪያቸውን ያያሉ። ከኋላቸው መስፍን በክርኑ እየተሳበ ወጣ። በግራ እጁ ሆዱን ይዟል።

ደስታና እኔ ቋጥኙን አስደግፈን አስቀመጥነው። ማዶ ያሉት ሸሽተው ነበርና ብሬኑን ትቼ መጣሁ። የጋንታችን ቁስለኛ አካሚ ቁስሉን ገልጦ አየና መልሶ ሸፈነው። መስፍን ገባው።

«ልንገራችሁ» አለ። «እንዳትስቁ።»

«አንስቅም።»

«ጨለማ እፈራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ምሽግ ውስጥ ኩራዝ ሲጠፋ ልቤ ይጠፋል። እናንተ ላይ የምቀልደው እኮ... ሲመሽ ብቻዬን ዝም እንዳልል ነው።»

ደስታ እጁን ያዘው።

«ውስጡ ከማድጋ ውስጥ ይብሳል» አለ መስፍን። «ግን ወጣሁ፤ አየኸኝ አይደል?»

«አየሁህ» አለው ደስታ። «በእግርህ ነው የወጣኸው።»

«በክርኔ» ብሎ አረመው።

ከታች የሻምበሉ ሰዎች መድረስ ጀመሩ። ሞርታር ስለማይወርድባቸው እየሮጡ፣ እየጮሁ ይወጡ ነበር። ተራራው በሆታ ተናወጠ። አንዱ ባንዲራ ይዞ አጠገባችን አለፈ። መስፍን ሰማ።

«ያዝናት?»

«ያዝናት።»

«ጉማሬዋን?»

«ሙሉ ጀርባዋን።»

ፈገግ አለ። ትንሽ ቆየና ዓይኑን ጠበብ አደረገ። ቀትር ነበር፤ ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ነበረች።

«ደመና ሆነ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ደመና ነው» አልኩት። «አሁን ያልፋል።»

ሌላ አልተናገረም።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃ ዘሪሁን ጋንታውን አሰልፎ ስም ጠራ። አቤት ያላሉት አራት ነበሩ። ግርማ፣ ደብዳቤ የሚጽፍልን፣ የመጀመሪያው ቦይ ላይ ወደቀ። አብዲሳ፣ እሱም እዚያው ከግርማ አጠገብ። ወልዴ የጉራጌ ልጅ፣ ወንዙን ሳይሻገር። አስር አለቃ መስፍን፣ የጉማሬ አናት ላይ። ጎን ለጎን ቀበርናቸው። የመስፍንን መቃብር ደስታ ብቻውን ነው የቆፈረው፤ ሰው አላስጠጋም። ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አፈሩን እያወጣ፣ ጥልቀቱ አንገቱ ድረስ እስኪደርስ ቆፈረ። እኔ ዳር ቆሜ እያየሁት ነበር። አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ሰማይ አላየም።

ያን ምሽት በያዝነው ኮረብታ ላይ አደርን። ከታች እንቁራሪቶቹ ጮሁ። መቶ አለቃው፣ «እየጮሁ ከሆነ ተኙ» አለን። ጋንታው በሙሉ ተኛ። እኔም ተኛሁ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ከዚያ በፊት አላውቅም። ኮረብታዋን መልሶ የወሰደብን የለም።

እንቁራሪት ዛሬም እፈራለሁ። ክረምት ሲገባ ዲላ ላይ መንገድ የምመርጠው ደረቁን አይቼ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ያውቁኛል። ደስታ ከእኔ ቤት ብዙም አይርቅም። ባጃጅ ይነዳል። ታክሲ መንዳት ትቶ ባጃጅ ለምን እንደመረጠ የሚጠይቀው ሰው ካለ፣ «በር የለውም፤ ነፋስ ነው» ይላል። ሰው ይስቃል። እሱም ይስቃል። ሁለታችንም አልዳንም። ግን አንዲት ተማሪ እህቴ ቤት መጥታ፣ ክፍል ፊት ቆሜ መናገር ብሞት አልችልም ብላ ስታለቅስ፣ ወይም ጎረቤቴ ውሻ ባለበት በር አላልፍም ብሎ መንገድ ሲያዞር፣ አልስቅባቸውም። ፍርሃታቸውን አልንቅባቸውም። ያን ቀን ኮረብታ ላይ የወጣነው የማንፈራ ሰዎች ሆነን አይደለም።

ከተሰናበትኩ በኋላ የመጀመሪያ ጉዞዬ ደብረ ብርሃን ነበር። የመስፍንን እናት፣ እማማ ትርፌን፣ ጠይቄ ቤታቸውን አገኘሁ። መርዶው ደርሷቸው አልቅሰው፣ ጥቁር ለብሰው ነበር። የሞተበትን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ወንዙን፣ ሞርታሩን፣ በደረት የሚገባበትን ምሽግ። ምሽጉ ጋ ስደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ» አሉ። «ውስጡ መብራት ነበረው?»

«አልነበረውም፣ እማማ።»

«ጨለማ ነበር?»

«ድቅድቅ ጨለማ።»

«ከማን ጋር ገባ?»

«ብቻውን።»

«ኩራዝ ሳላጠፋ ነው ያሳደግኩት» አሉ እማማ ትርፌ። «ጋዝ ሲያልቅብኝ ከጎረቤት እየተበደርኩ። ደጅ ለሽንት እንኳ ያለኔ አይወጣም ነበር። ሲዘምት ያሳሰበኝ ጥይቱ አልነበረም።» ቀና አሉ። «ገብቶ ቀረ?»

«አልቀረም። ወጥቷል። ሁለት ሰው ማርኮ ነው የወጣው። የሞተው ውጭ ነው፤ ፀሐይ ላይ፣ እኛ መካከል።»

ሴትዮዋ ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ደጃፉ ላይ ወጥተው ቆሙና፣ በዚያ በጥቁር ልብሳቸው፣ ሰፈሩን የሚያናውጥ እልልታ አቀለጡት። አንዴ አይደለም። ደጋገሙት። ጎረቤቶች ምን ተገኘ፣ ማን መጣ እያሉ ከየቤታቸው ሮጠው ወጡ።

«መስፍኔ!» አሉ እማማ ትርፌ፣ እንባቸው እየወረደ። «መስፍኔ ብቻውን ጨለማ ገብቶ ወጣ!»